ካፕ11-1ን በባክቴሪያ ማምረት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ይህ ማስታወሻ ካፕ11-1 የተባለውን የሰው ፀጉር ፕሮቲን ለላቦራቶሪ ምርምር ሳመርት፣ ከሥራው ጎን ለጎን የጻፍኩት ነው። የፕሮቲኑ ጂን ኬአርታፕ11-1 ይባላል። በ21ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ከብዙ ዘመዶቹ ጋር ተጠጋግቶ ይገኛል። ፕሮቲኑ 163 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 17 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሚመዝን ትንሽ ፕሮቲን ነው። ከነዚህ አሚኖ አሲዶች ውስጥ ግን ከ20 በላይ የሚሆኑት ሲስቴይን ናቸው። በዚህ ሥራ የሚገጥመው ፈተናም ሆነ ደስታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ስለ ፀጉር ሲወራ ኬራቲን ብቻ ይነሣል። እርግጥ የፀጉርን ጥንካሬ የሚሸከሙት የኬራቲን ክሮች ናቸው። በሰው ፀጉር ውስጥ የሚሠሩት ኬራቲኖች ሁለት ወገን ናቸው፦ አሲዳማዎቹ ከኬ31 እስከ ኬ40፣ ሌሎቹ ደግሞ ከኬ81 እስከ ኬ86። ከየወገኑ አንድ አንድ እየተጣመሩ ክር ይሠራሉ። በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት ግን ከኬራቲን ጋር የሚቆራኙት ፕሮቲኖች፣ ባጭሩ ካፖች ናቸው። ክሮቹን እንደ ፌሮ ብረት ብናያቸው ካፖቹ ዙሪያቸውን የሚይዘው ኮንክሪት ናቸው። ኮንክሪቱን የሚያጠነክረው ደግሞ በሲስቴይኖች መካከል የሚፈጠረው የዳይሰልፋይድ ትስስር ነው።

የካፕ ቤተሰብ ሰፊ ነው። በሰው ብቻ ከ80 በላይ ጂኖች አሉት። በሦስት ጎራ ይከፈላሉ፦ ሲስቴይናቸው እስከ 30% የሚደርስ፣ ከ30% የሚያልፍ፣ እና በሲስቴይን ፋንታ ግላይሲንና ታይሮሲን የበዛባቸው። ካፕ11-1 ከመጀመሪያው ጎራ ነው። የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ሲስቴይኑ የፕሮቲኑን ጠባይ ለመወሰን ይበቃል፤ በላቦራቶሪ ሊያዝ የማይችል እስኪሆን ግን አልበዛም።

ከፀጉር ለምን አላወጣሁትም?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ አንዴ በደንብ ልመልሰው። ፀጉር እንደ ልብ ይገኛል። ፕሮቲኖቹን ማውጫ ጥሩ ዘዴም አለ። የጃፓን ሺንሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትና ሺንዳይ ተብሎ የሚታወቀው ዘዴ 5 ሞላር ዩሪያ፣ 2.6 ሞላር ታዮዩሪያ እና 5% መርካፕቶኢታኖል በፒኤች 8.5 አቀላቅሎ፣ ፀጉሩን በ50 ዲግሪ ዘፍዝፎ ማቆየት ነው። እኔም ለማነጻጸሪያ ሠርቼዋለሁ። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለይ ጄል ላይ ሲታይ ከ40 እስከ 60 ኪሎዳልተን ባለው ቦታ ኬራቲኖቹ ጥርት ብለው ይቀመጣሉ። ከ10 እስከ 20 ባለው ቦታ ደግሞ ካፖቹ እንደ ጭጋግ ተዘርግተው ይታያሉ።

ችግሩ ያ ጭጋግ ነው። በውስጡ በርካታ ካፖች አሉ፤ መጠናቸው ተቀራራቢ፣ ጠባያቸው ተመሳሳይ፣ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸውም የሚደጋገም። አንዱን ለይቶ ለማውጣት የሚያስችል ዓምድ (ፕሮቲን የሚለይ ማጣሪያ) የለኝም። ለአንዱ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካልም ዘመዱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። «ካፕ11-1 ብቻውን ከኬራቲን ጋር ሲገናኝ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካፕ11-1 ብቻ ያለበት ቱቦ ያስፈልገዋል። ያንን የሚሰጠው ጂኑን ነጥሎ ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት ነው።

የጂኑ ዝግጅት

የካፕ ጂኖች በአብዛኛው ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) የላቸውም። ስለዚህ የፀጉር ሥር አርኤንኤ ማውጣት ሳያስፈልግ ከማንኛውም የሰው ዲኤንኤ በፒሲአር ማባዛት ይቻላል። ሐሳቡ ቢማርከኝም ተውኩት። አንደኛ፣ ዘመዶቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ፕራይመሩ (የማባዛቱ መነሻ ቁራጭ) ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሰው ጂን ለአርጊኒን የሚጠቀምባቸው አንዳንድ ኮዶኖች (የአሚኖ አሲድ ሦስት ፊደል ኮዶች) ለባክቴሪያው ለኢ. ኮላይ እምብዛም የማይመቹ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ለባክቴሪያው በሚስማሙ ኮዶኖች አዘጋጅቼ በሰው ሠራሽ መንገድ እንዲሠራ አዘዝኩ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በፕሮቲኑ ውስጥ ሲስቴይን፣ ግሉታሚን፣ ፕሮሊን የሚል ተርታ ደጋግሞ ይመጣል። የኮዶን ማስተካከያ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ «ምርጥ» የሚለውን ኮዶን ብቻ ከደረደረ፣ ዲኤንኤውም ራሱን የሚደግም ይሆናል። ራሱን የሚደግም ዲኤንኤ ለመገጣጠምም፣ በፕላዝሚድ (ባክቴሪያው በሚሸከመው ክብ ዲኤንኤ) ውስጥ ሳይቆረጥ ለመቆየትም ያስቸግራል። ሲስቴይን ሁለት ኮዶን ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን እያፈራረቅኩ፣ የፕሮሊኑንም እየለዋወጥኩ ተርታውን በእጄ ሰባበርኩት። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የተሠራው ጂን በቅደም ተከተል ንባብ ሲረጋገጥ እንከን የለሽ ሆኖ መምጣቱ ግን ድካሙን አስረሳኝ።

ጂኑ የገባው ፔት-28ኤ በተባለው ፕላዝሚድ ውስጥ ነው። ከፊቱ ስድስት ሂስቲዲን ያለው መያዣ ተጨምሮበታል። ፕላዝሚዱ ካናማይሲንን የሚቋቋም ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ባለበት ምግብ ላይ የሚያድገው ፕላዝሚዱን የያዘው ባክቴሪያ ብቻ ነው።

የባክቴሪያው ዓይነት

ዳይሰልፋይድ የሚሠሩ ፕሮቲኖችን ለማምረት ተብለው የተዘጋጁ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች አሉ። ሸፍል አንዱ ነው፣ ኦሪጋሚ ሌላው። በሴላቸው ውስጥ ታይኦልን (የሲስቴይንን የሰልፈር ጫፍ) ከኦክሳይድ የሚጠብቀው ሥርዓት በሚውቴሽን ስለተዳከመ፣ ሲስቴይኖች እዚያው ሴሉ ውስጥ መጣመር ይችላሉ። ሲስቴይን ለበዛበት ፕሮቲን እነዚህን መምረጥ ትክክል ይመስላል። አንድ ባልደረባዬም አጥብቆ መከረኝ።

እኔ ግን ተራውን ቢኤል21(ዲኢ3) መረጥኩ፤ ምክንያቴም ከፀጉሩ ከራሱ የመጣ ነው። በፀጉር ሥር ውስጥ ካፕና ኬራቲን የሚመረቱት ታይኦላቸው ነጻ በሆነበት ሁኔታ ነው። መጀመሪያ ይገናኛሉ፣ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ዳይሰልፋይዱ በስፋት የሚፈጠረው ፀጉሩ ወደ ላይ እያደገ ሲጠነክር ነው። ስለዚህ ለማጥናት የምፈልገው ገና ያልተጣመረውን፣ ታይኦሉ ነጻ የሆነውን ፕሮቲን ነው። ያለ ኬራቲን ለብቻው ባክቴሪያ ውስጥ የተጣመረ ካፕ፣ በፀጉር ውስጥ ፈጽሞ የማይኖር ቅርጽ ሊይዝ ይችላል።

ሰኞ፣ የማስጀመሪያ ሙከራ

ትንንሽ ባህሎች፣ ማለትም በፈሳሽ ምግብ ውስጥ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች። በ37 ዲግሪ አድገው ብርሃን መሸፈናቸው በ600 ናኖሜትር 0.6 ሲደርስ ጂኑን የሚያስነሣውን አይፒቲጂ ጨመርኩ። ግማሾቹ በ37 ዲግሪ ለአራት ሰዓት፣ ግማሾቹ በ18 ዲግሪ እስከ ማግስቱ። አይፒቲጂ ያልተጨመረበትም አብሮ አለ።

ጄሉ ላይ አዲስ መስመር ወጥቷል። አይፒቲጂ ባልተጨመረው ውስጥ የለም። ከመያዣው ጋር ከሚጠበቀው 19 ወይም 20 ኪሎዳልተን ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ይህ አላስደነገጠኝም፤ ሲስቴይንና ፕሮሊን የበዛባቸው ፕሮቲኖች ጄል ላይ በመጠናቸው ልክ አይሄዱም። ፀረ ሂስቲዲን ፀረ እንግዳ አካሉም ያንኑ መስመር ለይቶ አሳየ።

ሴሉን ሰብሬ ሳሽከረክረው ግን በሁለቱም ሙቀት ፕሮቲኑ ያለው ዝቃጩ ውስጥ ነው። ከላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚጠቀስ ነገር የለም። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ጠቅልሎ የማይሟሟ ክምችት፣ ማለትም ኢንክሉዥን ቦዲ አድርጎ አስቀምጦታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ነው የሚያየው። ለካፕ ግን ተመራጭ ነው እላለሁ። ክምችቱ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ከባክቴሪያው ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞች የተጠበቀ ነው። ከሌሎቹ የባክቴሪያ ፕሮቲኖችም አብዛኛው የሚለየው ገና ዓምድ ሳይነካ፣ በማጠብ ብቻ ነው። የ18 ዲግሪው ሙከራ እዚህ ላይ አበቃ፤ ከዚህ በኋላ በ37 ዲግሪ ነው።

ረቡዕ፣ ማጠብ

በትልቁ ባህል ላይ። ሴሎቹ የተሰበሩት በሊሶዛይም ኤንዛይም፣ ከዚያም በድምፅ ሞገድ በሚሰብረው ሶኒኬተር ነው፤ በረዶ ላይ ሆነው፣ ድምፁ እየተቋረጠ እንዳይሞቁ። ዝቃጩን ሳሙና መሰል በሆነው ትራይቶን ኤክስ-100 በ1% አጠብኩ፣ ቀጥሎ በ2 ሞላር ዩሪያ፣ በመጨረሻ ትራይቶኑ እንዲወገድ በተራ ባፈር። በእያንዳንዱ ማጠቢያ ውስጥ ሲስቴይኖቹ እንዳይጣመሩ የሚጠብቀው መቀነሻ፣ ዲቲቲ፣ አለ።

የዝቃጩ መልክ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ቡናማና ሙጫማ ነበር፤ በስፓቱላ ሲነካ ይለጠጣል። ያ የሴል ግድግዳና ዲኤንኤ ነው። በመጨረሻ የቀረው እንደ ኖራ የነጣ፣ ሲነካ የሚፈረፈር ነው። መልኩ እዚያ ደረጃ ላይ ካልደረሰ አንድ ጊዜ ጨምሮ ማጠብ ይሻላል፤ እዚህ ያልወጣ ዲኤንኤ በኋላ በ280 ናኖሜትር የሚደረገውን ንባብ ያበላሻል።

ሐሙስ፣ ዓምድ

ዝቃጩን በ8 ሞላር ዩሪያ አሟሟሁት። ስለ ዩሪያ ሁለት ነገር፦ በዕለቱ የተዘጋጀ ይሁን፣ አይሞቅ። ቆይቶ ወይም ሞቆ ከሆነ ሲያኔት ይፈጠርበታል። ሲያኔት ደግሞ ፕሮቲኑ ላይ ተጣብቆ በያንዳንዱ ቦታ 43 ዳልተን ይጨምራል። ዩሪያው ቶሎ እንዲሟሟ ማሞቅ የተለመደ ነው። እኔ አላሞቅም፣ እታገሣለሁ።

የሂስቲዲን መያዣው በሚጣበቅበት ኒኬል ዓምድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፕሮቲኑ እንዳይጣመር የሚጠብቀው ዲቲቲ ኒኬሉን ያጠቃዋል፤ ሰማያዊ አረንጓዴ የነበረው ዓምድ ቡናማ ይሆናል። ብረቶችን አስሮ ኦክሳይድን የሚያዘገየው ኢዲቲኤም ኒኬሉን ጠራርጎ ስለሚወስድ አይሆንም። ስለዚህ ዓምዱ ላይ ያለው መከላከያ 5 ሚሊሞላር መርካፕቶኢታኖል ብቻ ነው። ደካማ መከላከያ በመሆኑ ሥራው በአንድ ትንፋሽ መጠናቀቅ አለበት። መያዣውን ከኒኬሉ በሚያላቅቀው ኢሚዳዞል፣ በ20 ሚሊሞላር አጥቤ በ250 አወጣሁት። የወጣው በቀጥታ የሚንጠባጠበው ዲቲቲና ኢዲቲኤ ወዳለበት ቱቦ ነው። ጠብታው ቱቦው ውስጥ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ይጠበቃል።

የጄሉ መስመር ንጹሕ ነው። በዲቲቲ ተፈልቶ የተጫነ ናሙና፣ አንድ መስመር፣ ከላይም ከታችም ምንም የለም። በሌላ ፕሮቲን ቢሆን እዚህ ላይ «ተጣርቷል» ተብሎ ወደ ፍሪጅ ይገባ ነበር።

መጠኑን መለካት

ቀላል መሆን የነበረበት ነገር። አልሆነም፣ ምክንያቱ ግን አስተማሪ ነው።

የብራድፎርድ ቀለም የሚይዘው በዋናነት አርጊኒንን፣ ከዚያም ሊይሲንን ነው። ካፕ11-1 በሊይሲን እጅግ ደሃ ነው። ስለዚህ በአልቡሚን መለኪያነት ሲነበብ ከእውነተኛው መጠን ሊዛባ ይችላል። ቢሲኤ የሚባለው ዘዴ ደግሞ መዳብን በመቀነስ (ኤሌክትሮን በመስጠት) ላይ የቆመ ነው፤ ዲቲቲ ያበላሸዋል፣ የፕሮቲኑ የራሱ ታይኦሎችም መዳብ ይቀንሳሉ። በ280 ናኖሜትር የሚነበበው ብርሃን የሚመካው በትሪፕቶፋንና በታይሮሲን ላይ ሲሆን ሁለቱም በዚህ ፕሮቲን ውስጥ ጥቂት ናቸው። ጥቂት በመሆናቸው ትንሽ የዲኤንኤ ቅሪት እንኳ ንባቡን ያሳብጠዋል።

ከሦስቱ የመረጥኩት የ280ውን ነው። ዲኤንኤ አለመኖሩን ከ260 ጋር በማነጻጸር አረጋግጣለሁ፤ ዲቲቲ ሲኦክሳይድ እርሱም በ280 አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ በቅድሚያ አስወግደዋለሁ። ከዚያ አንድ ናሙና ለአሚኖ አሲድ ትንተና ልኬ ንባቡን አመሳከርኩ። ለትንተናው ሲልኩ ሲስቴይን በቀጥታ በአሲድ ሲፈላ እንደሚበላሽ፣ አስቀድሞ በፐርፎርሚክ አሲድ ወደ ሲስቴይክ አሲድ መለወጥ እንዳለበት መንገር ያስፈልጋል።

ታይኦልን መቁጠር

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ።

የኤልማን ዘዴ አሮጌ ነው፣ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ እርሱ የምተማመንበት የለም። ዲቲኤንቢ የተባለው ውህድ አንድ ነጻ ታይኦል ባገኘ ቁጥር አንድ ቢጫ ሞለኪውል ይለቃል። ቢጫው በ412 ናኖሜትር ይነበባል፤ የመዋጥ መጠኑም በተራ ባፈር 14,150፣ በ6 ሞላር ጓኒዲን ደግሞ 13,700 ነው። ከንባቡ ተነሥቶ በአንድ የፕሮቲን ሞለኪውል ስንት ነጻ ታይኦል እንዳለ ማወቅ ይቻላል። መለኪያው በጓኒዲን ውስጥ ይሁን፣ የተጠቀለለ ፕሮቲን ሲስቴይኖቹን ሊደብቅ ይችላልና።

አስቸጋሪው ከመለኪያው በፊት ያለው ነው። ዲቲቲም ሆነ ሌላው መቀነሻ ቲሲኢፒ ከዲቲኤንቢው ጋር ስለሚዋጉ ሙሉ በሙሉ መወገድ አለባቸው። እነርሱ ሲወገዱ ደግሞ ፕሮቲኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል። መፍትሔው በፒኤች ነው። የሲስቴይን ታይኦል ፕሮቶኑን የሚለቀው በፒኤች 8 አካባቢ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር የሚዋደደውም ፕሮቶኑን የለቀቀው ነው። በፒኤች 4.5 ግን ታይኦሉ ፕሮቶኑን እንደያዘ ስለሚቆይ ኦክሳይዱ ይዘገያል። ስለዚህ ዲቲቲውን የማስወግደው በፒኤች 4.5 ባፈር በተዘጋጀች ትንሽ ማጣሪያ ዓምድ ነው። ዲቲኤንቢው ወዳለበት ፒኤች 8 ባፈር የምጨምረው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ቢጫው ወዲያው ይወጣል። ያን ቢጫ ሳይ ፕሮቲኑ በሕይወት እንዳለ ይሰማኛል፤ ሌላ አባባል አላገኘሁለትም።

አርብ፣ ሁለቱ ቱቦዎች

ከአንዱ የተጣራ ናሙና ሁለት ቱቦ ቀዳሁ። አንዱ ያለ ዲቲቲ በፒኤች 8፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ እስከ ማግስቱ። ሌላው በፒኤች 4.5፣ ናይትሮጅን ተነፍቶበት፣ ተዘግቶ፣ በ4 ዲግሪ። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ዩሪያው ስላለ ምንም አልዘቀጠም።

በዲቲቲ አፍልቼ ጄል ላይ ስጭናቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። ያችው አንድ ንጹሕ መስመር። ማንም ሰው ይህን ጄል አይቶ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ ሊል አይችልም።

ቀጥሎ ዲቲቲ የሌለበት ጄል። ለዚህ ናሙናውን ከማፍላቴ በፊት ነጻ ታይኦሎቹን በኤን-ኢታይልማሌይሚድ ዘጋኋቸው፤ አለበለዚያ ሲፈሉ እርስ በርስ ስለሚለዋወጡ ጄሉ የሚያሳየው የማፍያውን ውጤት ይሆናል። ዲቲቲ ካለበት ናሙና አጠገብም ባዶ መስመር መተው ያስፈልጋል፣ ዲቲቲው ወደ ጎን እየሰረገ ይገባልና። የዚህ ጄል ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። በፒኤች 4.5 የቆየው ያው አንድ መስመር ሲሆን ከሥሩ ትንሽ ጥላ አለ። በፒኤች 8 ያደረው መሰላል ሆኗል፦ ሁለት የተያያዙ፣ ሦስት፣ ከዚያ በላይ፣ ጥቂቱም ጄሉ ውስጥ ሳይገባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀርቷል። ከአንድ ሞለኪውል መስመር በታችም የተዘረጋ ጭጋግ አለ። እርሱ በራሱ ውስጥ የተጣመረውና ቅርጹ ስለጠበበ በፍጥነት የሮጠው ነው።

የኤልማኑ ቢጫም ይህንኑ መሰከረ። በፒኤች 4.5 የቆየው ከሚጠበቀው ብዙም አልጎደለም፤ የሌላው ግን አብዛኛው ጠፍቷል።

እንግዲህ ለዚህ ፕሮቲን «ንጹሕ» ማለት ምን እንደሆነ ለራሴ የወሰንኩት በዚህ ውጤት ላይ ቆሜ ነው። የተለመደው በዲቲቲ የተፈላ ጄል የሚነግረኝ ሌላ ፕሮቲን አለመኖሩን ብቻ ነው። ያለው ፕሮቲን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይነግረኝም፤ እንዲያውም ልዩነቱን ራሱ ዲቲቲው ይደመስሰዋል። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንኛውም ቱቦ ወደ ሙከራ የሚገባው በዚያው ዕለት ታይኦሉ ተቆጥሮ ነው። የተሠራ ካፕ ከሌላ ቦታ ለሚቀበልም ምክሬ ይኸው ነው፦ ከመረጃ ወረቀቱ ላይ የንጽሕና መቶኛውን አይተው አይርኩ። በምን ባፈር እንደመጣ፣ መቀነሻ እንዳለው፣ ፒኤቹ ስንት እንደሆነ ይዩ፤ ከዚያ ራስዎ ይቁጠሩ።

የክብደት ማረጋገጫ

በማስ ስፔክትሮሜትር ለመመዘን ሲስቴይኖቹን በአዮዶአሴታማይድ ዘግቼ ነው የላክሁት። ይህ በጨለማ የሚሠራ ነው፣ አዮዶአሴታማይድ ብርሃን ይጎዳዋል። እያንዳንዱ የተዘጋ ሲስቴይን 57 ዳልተን ይጨምራል። ከጂኑ የተሰላው ክብደት ላይ የሁሉም ሲስቴይኖች ጭማሪ ሲደመር ከተነበበው ጋር ገጠመ። የዩሪያው 43 ዳልተን ምልክት አልታየም።

ፕሮቲኑን ቆራርጦ መመርመርም ነበረብኝ። የተለመደው ትሪፕሲን የሚቆርጠው ከሊይሲንና ከአርጊኒን ቀጥሎ ስለሆነ እዚህ ረጃጅም ቁራጮች ይተዋል። ካይሞትሪፕሲን የተባለ ሌላ ቆራጭ ተጨምሮበት በምርመራው የተሸፈነው የፕሮቲኑ ክፍል ሰፋ።

ዩሪያውን ማስወገድ

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። ከ8 ሞላር ዩሪያ በአንዴ ወደ ባፈር በዲያሊሲስ (በከረጢት ማጣሪያ) ሲወጣ ፕሮቲኑ ከረጢቱ ውስጥ ወተት ይመስላል፤ ይዘቅጣል። ወደ 4፣ ወደ 2፣ ወደ 1 ሞላር በደረጃ ሲወርድ እስከ 2 ድረስ ጥርት ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ በታች መደፍረስ ይጀምራል። አርጊኒን ሲጨመርበት መደፍረሱ ዘገየ፣ አልቀረም። በፒኤች 4.5 አሴቴት ባፈር ውስጥ ግን በዝቅተኛ መጠን ከሆነ ያለ ዩሪያም ሟሟ ሆኖ ቆየ።

ይህ የፕሮቲኑ ተፈጥሮ ይመስለኛል። በፀጉር ውስጥ ካፕ በውኃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ፕሮቲን አይደለምና ከአጋሩ ከኬራቲን ተለይቶ፣ በፒኤች 7.5፣ ንጹሕ ባፈር ውስጥ ይሟሟልኝ ማለት ከተፈጥሮው ውጭ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ሙከራውን ከፕሮቲኑ ጋር ማስማማት የኔ ድርሻ ነው።

ከኬራቲን ጋር ለማገናኘት

የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀላል ነበር። የኬራቲን ክር ሠርቶ ካፕ መጨመር፣ በከፍተኛ ፍጥነት ማሽከርከር፣ ከክሩ ጋር ወደ ታች የወረደውን ካፕ መለካት። መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ካፕ ብቻውን ያለ ክር የተሽከረከረበት ቱቦ፣ ይህን መንገድ ዘጋው። በክሩ ባፈር ውስጥ ካፑ ብቻውንም ይወርዳል። ስለዚህ ከክሩ ጋር የወረደው ተጣብቆ ይሁን ወይም ራሱ ዘቅጦ መለየት አይቻልም። ይህ መቆጣጠሪያ የሌለበት የካፕ የማሽከርከር ውጤት ቢቀርብልኝ አልቀበለውም።

አሁን የያዝኩት ሌላ መንገድ ነው። ኬራቲኑን ሜምብሬን ላይ ማስቀመጥ፣ ካፑን በ2 ሞላር ዩሪያ ውስጥ ሟሟ እንደሆነ ማፍሰስ፣ አጥቦ በፀረ ሂስቲዲን ማየት። ኬራቲኑ ሂስቲዲን መያዣ የሌለው መሆን አለበት፣ ያለበለዚያ ራሱ ያበራል። አጠገቡ አልቡሚንና የባክቴሪያ ፕሮቲን ይቀመጣል፣ ካፕ ያገኘው ሁሉ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ እንዲታወቅ።

ለዚህ የማዘጋጀው ካፕ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ታይኦሉ ነጻ የሆነ፣ ሁለተኛው ታይኦሉ በአዮዶአሴታማይድ የተዘጋ፣ ሦስተኛው ሆን ተብሎ በአየር የተጣመረ። ሦስቱም በዲቲቲ ጄል ላይ ከሞላ ጎደል አንድ መስመር ነው የሚሰጡት፣ የተዘጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ጥያቄው ሦስቱ ኬራቲኑን የሚይዙት እኩል ነው ወይ የሚለው ነው። የተዘጋው እንደ ነጻው ከያዘ፣ የመጀመሪያው መተዋወቅ ያለ ዳይሰልፋይድ የሚሆን ነው ማለት ነው። ካልያዘ ደግሞ ታይኦሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ድርሻ አለው ወይም መዝጊያው ራሱ ቦታውን ሸፍኖታል። ሁለቱን ለመለየት ከአዮዶአሴታማይድ የተለየ መዝጊያ ያስፈልገኛል፤ ኤን-ኢታይልማሌይሚድ መጠኑም ጠባዩም ስለሚለይ እርሱን አዘጋጅቻለሁ።

አሁን ያለበት ደረጃ

ነጻው ካፕ በፒኤች 4.5፣ በትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተቀምጧል። አንዴ የቀለጠ ቱቦ ተመልሶ አይገባም። በያንዳንዱ ላይ የተጻፈው መጠኑ፣ ባፈሩ፣ እና በተቀመጠበት ዕለት በአንድ ሞለኪውል የተቆጠረው ነጻ ታይኦል ነው። ሲወጣ እንደገና ይቆጠራል፣ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን በመዝገቡ ይገባሉ።

ኬ31 እና ኬ85 ያለ ሂስቲዲን መያዣ እየተመረቱ ነው። እነርሱም ኢንክሉዥን ቦዲ ሆነው ስለወጡ ማጠቡ እንደተለመደው ነው፤ ከዚያ በአዮን መለዋወጫ ዓምድ፣ አሁንም በዩሪያ ውስጥ። የሜምብሬኑን የመጀመሪያ ዙር የምጀምረው በኬ31 ለብቻው፣ በኬ85 ለብቻው፣ ከዚያም ሁለቱ ተጣምረው ነው። የኬ85 ምርት ከኬ31 ያነሰ ስለሆነ አንድ ትልቅ ባህል ጨምሬ አስገብቻለሁ፤ ሴሎቹ ሰኞ ይሰበሰባሉ።